የቁንዶ በርበሬ ዝናብ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ እፍኝ ቁንዶ በርበሬ አለ። ትናንት ከገበያ ገዝቼ ልወቅጠው ስል ሽታው ያዘኝ። ሙቀጫውን ትቼ ቁጭ አልኩ። ኬረላ ትዝ አለችኝ።

ኬረላ የህንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ፣ ባሕሩ ዳር የተዘረጋች ክልል ናት። ለትምህርት ሄጄ አላፑዣ በምትባል ከተማ ቤት ተከራይቼ ሁለት ክረምት አሳልፌያለሁ። አከራዬን ቼቺ ነበር የምላቸው። በማላያላም፣ በኬረላ ቋንቋ፣ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። ግቢያቸው ውስጥ አንድ የማንጎ ዛፍ አለ። ግንዱን ተጠምጥሞ የሚወጣ ሐረግ አለበት። ቁንዶ በርበሬ ነው። እውነቴን ነው፣ ዕድሜ ልኬን ስበላው ሐረግ ላይ እንደሚያፈራ አላውቅም ነበር። ፍሬው አረንጓዴ ነው፣ በዘለላ ይንጠለጠላል። ቼቺ ይለቅሙትና ምንጣፍ ላይ ያሰጡታል። ፀሐይ ሲመታው ይጨማደዳል፣ ይጠቁራል።

አንድ ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጠን አንድ ተረት አወሩኝ። እዚያ አገር የማያውቀው ሰው የለም። ፖርቹጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ በፈረንጆቹ 1498 የኬረላ የወደብ ከተማ ካሊከት ደረሰ። ከዚያ በኋላ ፖርቹጋሎች የቁንዶ በርበሬውን ችግኝ ወደ አገራቸው ሊወስዱ ነው ተባለ። አማካሪዎቹ ደንግጠው ለካሊከቱ ንጉሥ ነገሩት። ንጉሡ ግን አልደነገጠም። ችግኙን ይውሰዱት፣ ቲሩቫቲራ ኛቱቬላን ግን ሊወስዱት አይችሉም አለ።

ኛቱቬላ ምን መሰላችሁ? የኬረላ ገበሬ ዓመቱን በ27 ይከፍለዋል፣ በ27ቱ ከዋክብት ልክ። አንዱ ክፍል አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ቀን ነው። እያንዳንዱ የራሱ ዝናብና የራሱ ሥራ አለው። ቲሩቫቲራ በኛ አቆጣጠር ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ ያለው ነው። ያን ጊዜ ዝናቡም ፀሐይም ይፈራረቃሉ። የቁንዶ በርበሬ ቁራጭ የሚተከለው ያኔ ነው። ገበሬዎቹ እንደሚሉት አበባውንም የሚያዳቅለው የዝናቡ ጠብታ ነው፤ በዘለላው ላይ ወደ ታች ሲንጠባጠብ የአበባውን ዱቄት ይዞ ይወርዳል።

ይሄ ተረት ሆዴን በላው። አገር ማለት አፈሩ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለኬረላ ሰው ግን በቀኑ የሚመጣው ዝናብም አገሩ ነው።

ዝናቡ ደግሞ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከምድር ወገብ በታች ካለው የህንድ ውቅያኖስ ነፋስ ይነሳል። ምድር ወገብን ሲሻገር የምድር መሽከርከር ወደ ቀኝ ያጥፈዋል። የኬንያንና የሶማሊያን ዳርቻ ታክኮ ይነጉዳል። በኛው ቀንድ በኩል አልፎ ነው እንግዲህ የሚሄደው። ለሶማሊያ ዳርቻ ጠብ የሚል ነገር አይሰጠውም። የዓረቢያን ባሕር ሲያቋርጥ ግን እርጥበት ይሸከማል። ያን ሁሉ ተሸክሞ ሲደርስ ምዕራባዊ ጋትስ የሚባለው የተራራ ሰንሰለት ይገትረዋል። ከፍተኛው ጫፍ አናሙዲ 2,695 ሜትር ነው። ለኛ ለደገኞቹ ብዙ አይመስልም፣ ግን ከሂማላያ በታች ባለው ህንድ ከሱ የሚበልጥ የለም። ነፋሱ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ የያዘውን ያራግፋል። ኬረላ በዓመት 3,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኘው ለዚህ ነው።

ከተራራው ማዶስ? አንዴ በሰኔ ከኮይምባቱር በአውቶቡስ ስመለስ በዓይኔ አየሁት። ኮይምባቱር ታሚል ናዱ ውስጥ ናት። አቧራ ነበር፣ መስኮቱን ከፍተን ነው የተነሳነው። ፓላካድ ላይ ሰንሰለቱ ይቋረጥና ሰፊ በር ይከፈታል። በሩን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ሰማዩ ጠቆረ። ተሳፋሪው ምንም ሳይነጋገር መስኮቱን ተራ በተራ ዘጋ። ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት ብቻ ክንዳቸውን ውጭ እንዳንጠለጠሉ ቀሩ። ሸሚዛቸው እስከ ትከሻቸው ረጠበ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም።

ዝናቡ እዚያ የሚገባበት ቀን አለው። ሰኔ አንድ በፈረንጆቹ፣ በኛ ግንቦት 24። ኤዳቫፓቲ ይሉታል፣ የኤዳቫም ወር እኩሌታ ማለት ነው። በጥቅምት ደግሞ ሁለተኛው ይመጣል፣ ቱላቫርሻም። እሱ ጠዋት ፀሐይ ነው፣ ከሰዓት መብረቅ ነው።

አሁን ስለ ኩታናድ ልንገራችሁ። ከአላፑዣ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ኬረላ ጠባብ ናት፣ ሰፊ በሚባለው ቦታ እንኳ ከባሕር እስከ ተራራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 44 ወንዞች አሏት፣ 41ዱ ወደ ምዕራብ ይወርዳሉ። አጫጭርና ፈጣን ናቸው። ከነሱ የተወሰኑት ቬምባናድ የሚባለው ረጅም ሐይቅ ውስጥ ይገባሉ። ኩታናድ የዚህ ሐይቅ ጎረቤት ነው። ሰዎች በጭቃና በድንጋይ ገድበው፣ ውሃውን ቀድተው አውጥተው ሩዝ ያርሱበታል። ማሳው ከባሕር ወለል በታች ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ሜትር ያህል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ አላመንኩም። ማሳው ውስጥ ቆሜ ቀና ስል ጀልባ ከራሴ በላይ አለፈ። ቀዛፊው ከላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘልኝ። እኔ እግሬ ሩዝ መሃል፣ እሱ ውሃው ላይ፣ መሃላችን አንድ የጭቃ ግድብ።

በፈረንጆቹ 2018 ነሐሴ ላይ ግድቡ አልቻለም። ተራራው ላይ የወረደው ዝናብ እዚያ ያሉትን ትልልቅ ግድቦች ሞልቶ በሮቻቸው ተከፈቱ። በመላ ኬረላ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። የኩታናድ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ያን ጊዜ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ጭነት መኪና ላይ ጭነው ከባሕሩ ወደ መሃል አገር መጡ። ማንም ሳያስገድዳቸው ብዙ ሺህ ሰው አወጡ። ቼቺንም ያወጧቸው እነሱ ናቸው። ስለዚያ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ስለ ውሃው ብዙ አይሉም። የጀልባዋን ቀለም ግን ሁልጊዜ ይነግሩኛል፤ ሰማያዊ ነበረች።

አገሬ ከገባሁ በኋላ በፈረንጆቹ 2023፣ በኛ ሰኔ መሃል ላይ ደወልኩላቸው። በዚያ ዓመት ዝናቡ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ነው የገባው፣ ከገባም በኋላ ወሩን ሙሉ ሲሰስት ነበር። ምን እየሠሩ ነው አልኳቸው። ቲሩቫቲራ ስለገባ አዲስ ቁራጭ ተክለዋል። ግን አፈሩ ደርቆባቸው ከጉድጓድ እየቀዱ ያጠጡ ነበር። በኬረላ፣ በሰኔ፣ በባልዲ! የባልዲው እጀታ ሲንቋቋ በስልኩ ይሰማኝ ነበር።

«እናንተ ጋስ ዘነበ?» አሉኝ።

እኔ ጋ ቆርቆሮው እየተደበደበ ነበር። በረንዳው ጋ ወጣሁና «እየዘነበ ነው ቼቺ» አልኳቸው።

«ስንት ቀኑ ነው?» አሉ። ከዚያ ባልዲውን አስቀምጠው በደንብ ጠየቁኝ። ጠዋት ነው ማታ? ከነፋስ ጋር ነው? ፀሐይ ጣልቃ ይገባል? ደመናው ከየት በኩል ነው የሚመጣው?