«ስንት ሜሞሪ ይይዛል?» ብላችሁ ጠይቁ

(አዲስ አበባ ውስጥ ለሰርግ ፎቶ አንሺዎች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጥር ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የጾሙ ምሳ እስኪቀርብ ድረስ ስለ ሰርግ ሰሞን ዝግጅት እንድናገር ተጠይቄያለሁ። እናገራለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ልቤ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር አለ፦ ፉል ፍሬም የሚባለውን ካሜራ አልያዙም ብለን ጀማሪዎችን ሥራ መከልከላችን።

ከብዙዎቻችሁ ጋር የምንተዋወቀው በፊልም ዘመን ነው። አንድ ጥቅል 36 ፎቶ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ስንት እንደቀረን በልባችን እየቆጠርን ነበር የምናነሳው። ፒያሳ የሰጠነው ፊልም ታጥቦ እስኪወጣ እንቅልፍ በዓይናችን አይዞርም ነበር። የዚያ ፊልም አንዱ ምስል 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ ፉል ፍሬም የምንለው ሴንሰሩ፣ ማለትም በፊልም ፋንታ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ይህንኑ ልክ የሆነውን ካሜራ ነው። ሴንሰሩ ከዚያ ያነሰውን ክሮፕ እንለዋለን። የጀርመኑ ላይካ ይህን ልክ በፈረንጆቹ 1925 ለገበያ ሲያቀርበው ከነበሩት ፊልሞች አንጻር ትንሽ ነበር። ጀርመኖች እስካሁንም «ትንሽ ምስል» ነው የሚሉት። እኛ ግን ሰው መለኪያ አደረግነው።

አንድ ሰርግ ላንሳላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ የዳግም ትንሣኤ እሁድ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። እኔ ፉል ፍሬም ይዣለሁ። አንድ ሜሞሪ፣ ማለትም ፎቶው የሚቀመጥበት ካርድ፣ ብቻ የሚይዝ ነው። ረዳቴ ገና ሥራ የጀመረች ልጅ ነበረች። የያዘችው ክሮፕ ነው፣ 35 ሚሊ ሜትር 1.8 ሌንስ ገጥማለች፣ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ። ካሜራዋ ሁለት ሜሞሪ ይይዛል። ሳሎኑ ጠቦን ልጅቷ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች።

የሙሽራዋ አያት ከመንዝ ነው የመጡት። ሙሽራዋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ስትኳኳል ነው ያደረችው። ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት። ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ጉንጯን ጠረግ ጠረግ አደረጉና «ፊትሽ የታለ ልጄ?» አሉ። ሜካፕ የሠራቻት ልጅ ጮኸች። ሙሽራዋ እየሳቀች አለቀሰች። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እኔም አንስቻለሁ፤ አንድም አላመለጠኝም።

መስክ ስንደርስ ካሜራዬ ሜሞሪውን አላነብም አለ። ከንጋት ጀምሮ ያነሳሁት በሙሉ የለም። ማታ ኮምፒውተር ፊት እንደተቀመጥኩ ነጋ። ምንም አልወጣም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰርግ በአንድ ሜሞሪ እንደማይሠራ እያወቅኩ ነው የገባሁት።

የልጅቷ ፎቶ ግን ነበረ። በዓመቱ ለልጃቸው ክርስትና ስሄድ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሎ አየሁት። 60 በ90 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀርቤ አየሁት። የነጠላው ጥለት ክሩ ይቆጠራል።

ይህችን ልጅ ነው ባለፈው ኅዳር ከእኛው አንዱ ደውሎ «ክሮፕ ከሆነ አትምጪ» ያላት! ስሙን አልጠራም። ግን ምን ማለት ነው? ዜኒት ካሜራ አንጠልጥለን የጀመርነው እኛ አይደለንም? በሰው ካሜራ፣ በኪራይ ፍላሽ ሰርግ የሠራነው እኛ አይደለንም? በሩን አልፈን ስንገባ ከኋላችን መዝጋት ከየት የመጣ ነው? ልጆቹን ዕዳ ውስጥ እየከተትናቸው ነው! የዕቁብ ብራቸውን ቀድመው ወስደው፣ ከዘመድ ተበድረው ፉል ፍሬም ካሜራ ይገዛሉ። ለሌላ ሌንስ የሚተርፍ የላቸውም። ከካሜራው ጋር የመጣውን ሌንስ ይዘው ተክሊል ይገባሉ፣ ጧፍ ብቻ የሚበራበት ቦታ!

ልዩነት የለም አላልኩም። የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋቱ ከክሮፕ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። በብርሃን ከአንድ ስቶፕ፣ ማለትም ከእጥፍ፣ ትንሽ ይበልጣል። ካህናቱ ፍላሽ ሲከለክሉ ይህ ይታወቃል፤ ለቤተ ክርስቲያን እኔም የምይዘው ፉል ፍሬም ነው። ግን ክሮፕ ላይ 1.8 ሌንስ የገጠመ ልጅ፣ ፉል ፍሬም ላይ 2.8 ከገጠመው ጋር ጨለማ ውስጥ እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ይበዛልና። ከኋላ ያለው ነገር የሚደበዝዘውም ያንኑ ያህል ነው። የዚህ ሌንስ ዋጋ ደግሞ ከፉል ፍሬም ካሜራ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው።

ክሮፕ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ወደፊት ፉል ፍሬም ስገዛ ይሆነኛል» ብላችሁ 24-70 ሚሊ ሜትር ሌንስ አትግዙ። ክሮፕ ላይ የሚታየው ስለሚጠብ፣ በ1.5 ሲባዛ 36-105 ይሆንባችኋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶ ቤተሰቡ አይገባላችሁም። ከ16 ወይም ከ17 የሚጀምር፣ 2.8 የሆነ ሌንስ ፈልጉ።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዙም የሜሞሪ ቦታውን ከፍታችሁ እዩ። የካኖን 6ዲ ፉል ፍሬም ነው፣ አንድ ሜሞሪ ነው የሚይዘው። 7ዲ ማርክ 2 ክሮፕ ነው፣ ሁለት ይይዛል። የኒኮን ዲ7200ም ክሮፕ ሆኖ ሁለት ይይዛል። ሁለት ስለያዘ ብቻ ግን አይበቃም። እያንዳንዱን ፎቶ ሁለቱም ላይ እንዲጽፍ አስተካክሉት።

ስለ ባትሪ፣ ስለ ውልና ስለ ቀብድ በጽሑፍ ተበትኗል፤ አንብቡት። ፎቶውን ሁለት ቦታ ሳትገለብጡ ሜሞሪ አታጥፉ።

ከጥምቀት በኋላ ሦስት ሰርግ አለኝ። ለሦስቱም ሁለተኛ ፎቶ አንሺ እፈልጋለሁ። ክሮፕ ይዛችሁ ሥራ የተከለከላችሁ ካላችሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ነኝ። ያነሳችሁትን ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።