የአማሊ አባት

(በአንድ የገጠር የቁጠባና ብድር ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ሰብሳቢያችን «ሪፖርቱ ከመቀጠሉ በፊት ስለ ማኅበር ጥቅም አንድ ነገር በል» አሉኝ። ስለ ማኅበር ጥቅም ለእናንተ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ ጥቅሙን ልተወውና ስለ አንድ ሰው ላውራችሁ። ስለ ሰውየውና ስለ ቤተሰቡ።

ነገሩን የጫረብኝ የብድር ቅጻችን ነው። ለማዳበሪያ ልበደር ስመጣ ቅጹ ላይ «ዋስ 1፣ ዋስ 2» የሚል መስመር አለ። ዋስ 1 ጎረቤቴ ናቸው፤ ይኸው ከፊት ተቀምጠው ይስቃሉ። ያን ቀን እስክሪብቶውን እንደያዙ ቆም አሉና «ለመሆኑ ይሄን ማኅበር የሚባል ነገር መጀመሪያ ያሰበው ማን ነው?» አሉኝ። እኔም አላወቅኩም። ማታ ቤት ስገባ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። ዋስ መሆንን ማንም አላስተማረንም፤ እቁቡም እድሩም የራሳችን ነው። ግን ገበሬው ተሰብስቦ፣ አንዱ ለሌላው ተጠያቂ ሆኖ፣ በደብተርና በሕግ ለዓመታት የሚያበድርበት ማኅበር ከየት መጣ?

ወደ ኋላ እየተከተልኩ ሄድኩ። መጨረሻው አንድ የጀርመን ገጠር ሆነ። ሰውየው ፍሬድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን ይባላል። ስሙ ለምላስ ያስቸግራል፣ እየለመዳችሁት ትመጣላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። አንቱ ባልለውም ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሰሞኑን ከሱ ጋር ስከርም ቤተኛ ሆነብኝ።

የተወለደው መጋቢት 30 ቀን 1818 ነው። አገሩ ቬስተርቫልድ ይባላል፤ ደጋ ነው፣ ብርዱ ይበረታል፣ መሬቱ ስስ ነው። መንደሩ ሃም ይባላል። ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛው ነው። አባቱ የመንደሩ ሹም ነበሩ፤ ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ግን ከሹመታቸው ወረዱ። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ምሰሶ እናቱ ሆኑ። የእናቱ ስም አማሊ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፣ ተመልሶ ይመጣል።

በከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ገንዘብ አልነበረም። የመንደሩ ቄስ አስተማሩት። በ17 ዓመቱ ወታደር ቤት ገባ፤ መድፈኛ ሆነ። ጥሩ ወታደር ነበር ይባላል። ምን ያደርጋል፣ ዓይኑን ታመመ። በ25 ዓመቱ ከውትድርና ወጣ። ይህ የዓይን ሕመም እስኪሞት አልለቀቀውም። ያ ሕመም ባይኖር መኮንን ሆኖ ጡረታ ይወጣ ነበር፣ እኛም ዛሬ ስሙን አናነሳም።

በ1845 ቫየርቡሽ የሚባል ቦታ ከንቲባ ሆኖ ተሾመ። ከንቲባ ስላችሁ ከተማ እንዳትገምቱ። የበርካታ ትንንሽ መንደሮች ሹም ነው፣ እኛ ድሮ ጭቃ ሹም፣ አሁን ሊቀመንበር የምንለው ዓይነት። በዚያው ዓመት ኤሚሊ የምትባል የመድኃኒት ቀማሚ ልጅ አገባ።

ሙሽሮቹ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላቸው ረሃብ ገባ።

ድንች ለዚያ አገር ድሃ እንደ እኛ ጤፍና በቆሎ ነው። ድንቹን በሽታ መታው። በ1846 ደግሞ አጃውም ሳይሰጥ ቀረ። እህል ተወደደ። ክረምቱ በበረዶ ገባ። የ1846 እና የ1847ቱን ክረምት እስከ ዛሬ የረሃብ ክረምት ይሉታል።

መንግሥት ዝም አላለም፣ ዱቄት ላከ። ግን ከዱቄቱ ጋር ትእዛዝ አብሮ መጣ፦ በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ እንዳይሸጥ። እስቲ አስቡት! ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው እኮ አልተራበም። ወጣቱ ሹም ትእዛዙን አነበበና ዱቄቱን በዱቤ አከፋፈለ። የበላይ አካል ይቆጣል፣ እንጀራውም ሊቆረጥበት ይችላል። ቤቱ ደግሞ አራስ ልጅ አለች። በ1846 የተወለደችው የመጀመሪያ ልጁ ናት፣ እሷም አማሊ።

ቀጥሎ የአካባቢውን ባለጸጎች ሰበሰበ። «ምጽዋት አልለምናችሁም፣ ገንዘብ አዋጡ፣ ይመለስላችኋል» አይነት ነገር ነው ያቀረበላቸው። ገንዘቡ ተዋጣ። እህል በብዛት ተገዛ። የጋራ ምድጃ ተሠራ፣ ዳቦው እዚያው ተጋገረ። ገበያ ላይ ከሚሸጠው ዳቦ በጣም ይረክሳል። ችግረኛው ዳቦውን ይወስዳል፣ ዕዳውን ፈርሞ ይሄዳል፣ አዝመራ ሲገባ ይከፍላል። ስሙንም የዳቦ ማኅበር አሉት። ከዚያው ገንዘብ የድንች ዘርም ተገዛ፤ የተራበ ሰው ዘሩን እንደሚበላ እናንተ ታውቃላችሁ።

እኔን የነካኝ ያ ፊርማ ነው። ዳቦውን በነጻ ማደል ይቻል ነበር፤ ለአንድ ክረምት የሚበቃ ገንዘብ ከተገኘ ማንም ያደርገዋል። እሱ ግን የተራበውን ሰው እንደ ተበዳሪ ቆጠረው። ተበዳሪ ማለት ነገ የሚከፍል ሰው ማለት ነው። «አንተ ነገ ትኖራለህ» እንደማለት ነው።

በ1848 ፍላመርስፌልድ ወደሚባል ቦታ አዛወሩት። እዚያ የጠበቀው አራጣ ነው፣ በተለይ የላም አራጣ። የአሠራሩን ነገር ልንገራችሁ። ገበሬው ላም መግዣ የለውም። ነጋዴው ላሙን በገበሬው በረት ያስገባለታል። ገበሬው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ያልባል። ላሟ ግን የነጋዴው ናት። ስትወፍርና ስትወልድ መጥቶ ይወስዳታል፣ ወይ ይሸጣታል፤ በምትኳ ቀጫጫ ላም ይተክላል። ዋጋውን የሚተምነውም፣ ሒሳቡን የሚጽፈውም እሱ ነው። ገበሬው ዕድሜ ልኩን የሰው ላም ይቀልባል።

አያቴ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸዋል። ለዘር የተበደሩት ገንዘብ ሦስት ዓመት ሙሉ ወለዱን ብቻ ሲከፍሉት ኖሩ። አበዳሪው በየመስቀሉ መጥቶ ጠላ ይጠጣል፣ ይመርቃል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። አያቴ ታዲያ «ሰውየው ደግ ነው» ይሉ ነበር። በመጨረሻ አንዱ በሬ ተሸጠ። የቀረው በሬ ብቻውን በረት ውስጥ ሲያገሳ ትዝ ይለኛል። ልጅ ነበርኩ፣ ታሞ መስሎኝ ነበር።

ወደ ሰውየው ልመለስ። በ1849 ፍላመርስፌልድ ላይ 60 የሚሆኑ ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ። ባላቸው ንብረት ሁሉ ዋስ ሆነው ከውጭ ገንዘብ ተበደሩ። በዚያ ገንዘብ ለድሃው ገበሬ ላም ይገዛለታል፣ ላሟ የራሱ ትሆናለች፣ ዕዳውን በየዓመቱ ከፋፍሎ ይከፍላል። አራጣ አበዳሪው ጉድ ሆነ።

ስለ አራጣ ካነሳን አይቀር አንድ የማይመቸኝን ነገርም ልናገር። ራይፋይዘን በኋለኛ ዘመኑ በጻፋቸው ጽሑፎች የአይሁድ ነጋዴዎችን በጅምላ ይወቅሳል። ክርስቲያን አራጣ አበዳሪ በአገሩ ሞልቶ ነበር፤ በአንድ ወገን ላይ መደፍደፉ ጥፋት ነው፣ ያ አገር ኋላ የት እንደደረሰም ዓለም ያውቃል። ሰውየውን እወደዋለሁ፣ ይህን ግን አልሸፍንለትም።

በ1852 ደግሞ ራይን ወንዝ አጠገብ፣ ሄዴስዶርፍ ወደሚባል ቦታ ተዛወረ። በየተሾመበት ትምህርት ቤት ያሠራል፣ መንገድ ያስጠርጋል። ከሃም እስከ ኖይቪድ፣ ማለትም እስከ ራይን የሚወስደው መንገድ የሱ ሥራ ነው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። እህሉ ገበያ ካልደረሰ ብድሩ ከየት ይከፈላል?

ሄዴስዶርፍ ላይ በ1854 ያቋቋመው ማኅበር ግን ከመጠን በላይ ተለጠጠ። ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳድጋል፣ ከእስር የወጡትን ሥራ ያስይዛል፣ ላም ይገዛል፣ ብድር ይሰጣል። አንድ በአንድ ቀረ፣ ብድሩ ብቻ ተረፈ። እሱም ቢሆን አንከሰ። ለምን? ዋስ የሚሆኑት ባለጸጎች፣ የሚበደሩት ድሆች ናቸው። ባለጸጋው አንድ ዓመት ይራራል፣ ሁለት ዓመት ይራራል፣ በሦስተኛው ይደክመዋል። ሰው ነዋ!

ራይፋይዘን ይህን የተቀበለው እያቅማማ ነው። የሀብታም ደግነት ይበቃል ብሎ ከ15 ዓመት በላይ አምኖ ነበር። ሹልሴ ዴሊች የሚባል፣ በከተማ ለእጅ ባለሙያዎች የብድር ማኅበር ያቋቋመ ሰው ነበር። ከሱ ጋር ተጻጻፉ። በመጨረሻ በ1864 ሄዴስዶርፍ ላይ ደንቡ ተለወጠ፦ የሚበደር ሁሉ አባል ይሁን፣ አባል ሁሉ ዋስ ይሁን። ዛሬ እዚህ የተቀመጥንበት ወንበር መሠረቱ ያ ደንብ ነው።

እኒያ ሁለት ሰዎች ኋላ ተጣሉ። የከተማው ሰውዬ «ብድር በሦስት ወር ይመለስ» ይላል። ነጋዴና ጫማ ሠሪ በሦስት ወር ይመልሳል። ገበሬ በሦስት ወር ምን ይመልሳል? ቡቃያ? ራይፋይዘን «ለዓመታት ይሁን» አለ። እዚህ ላይ ፍርዴን ጠይቁኝ፣ ለራይፋይዘን ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ፤ ሰው ስለ ማኅበሩ ሲጽፍ ቤቱን ይዘለዋል።

ኤሚሊ ሰባት ልጆች ወልዳለች። ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ። ባሏ በየመንደሩ ሲዞር ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። በ1863 አረፈች። ልብ በሉ፣ ታላቁ ደንብ ከመጽደቁ አንድ ዓመት በፊት ነው። የሰውየው ዓይን በዚያን ጊዜ ደብዳቤ ማንበብ እያቃተው ነበር። በ1865 በጤናው ምክንያት ከሥራ ተሰናበተ። ዕድሜው 47፣ ጡረታው ትንሽ፣ ቤቱ እናት የሌላቸው ልጆች። ሲጋራ ማምረት ሞከረ፣ አልሆነም። ወይን ጠጅ ነገደ፣ በሱ ኖረ። ኋላ አንዲት መበለት አግብቷል።

እናቷ ስትሞት አማሊ የ17 ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። ታናናሾቿን አሳደገች። የአባቷም ዓይን ሆነች። ከየመንደሩ «እኛም እንዲህ ያለ ማኅበር እንፈልጋለን፣ እንዴት እናድርግ?» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። እሷ ታነባለች፣ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። በ1866 የማኅበሩን አሠራር የሚያስረዳ መጽሐፍ ሲያሳትም ዓይኑ ደክሞ ነበር። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የሱ ነው። ትዳር አልያዘችም። ያን ኑሮ ወዳው ነው ወይስ የአባት ነገር ሆኖባት? ሴት ልጆች ያላችሁ ይህን ጥያቄ ወደ ቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ ሳስባት የሚታየኝ መብራት ነው። ክረምት ነው፣ ቀኑ አጭር ነው። አባትየው ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ «ወለዱ» ይላል። እሷ «ወለዱ» ብላ ትጽፋለች። ከዚያ ቀና ብላ «ከዚያስ?» ትላለች።

እነዚያ ደብዳቤዎች ብዙ ሠርተዋል። ራይፋይዘን መጋቢት 11 ቀን 1888፣ 70 ዓመት ሊሞላው 19 ቀን ሲቀረው ሲሞት፣ ከ400 በላይ ማኅበራት ነበሩ። በእኛ አቆጣጠር 1880 መሆኑ ነው። የእኛ አገር ክፉ ቀን የጀመረበት ሰሞን፣ ከብቱ ሁሉ ያለቀበት። አማሊ በ1897 ተከተለችው። እንግሊዞች በ1904 ለሕንድ ገበሬ የብድር ማኅበር ሕግ ሲያወጡ የሱን መንገድ አይተው ነው። በእኛ አገር የወጡት የኅብረት ሥራ አዋጆች፣ የቀድሞው 147/1991ም ሆነ እሱን የተካው 985/2009፣ «አንድ አባል አንድ ድምፅ» ሲሉ ያው ዘመድ ናቸው። የኅብረት ሥራ ሐሳብና ተግባር በፈረንጆቹ 2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ያስመዘገበችው ጀርመን ናት። እድራችንም ቢመዘገብ አይከፋኝም።

ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አዩ፣ ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ቀረችኝ።

በራይፋይዘን ደንብ የማኅበሩ አመራር በነጻ ነው የሚሠራው። ሊቀመንበሩ አይከፈለውም፣ ኮሚቴውም አይከፈለውም። ደመወዝ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሒሳብ የሚይዘው። ዛሬ የታደላችሁን ወረቀት ገልብጡት። አጀንዳ 4 የሒሳብ ሠራተኛችን ደመወዝ ነው። ባለፈው ጉባኤ «ልጅ ናት፣ ቤቷ ቅርብ ነው፣ እስቲ ትንሽ ትታገሥ» ብለን አሳደርነው። እኔም እጃቸውን ካወጡት መካከል ነበርኩ። አሁን ከኋላ ተቀምጣ ይህን ሁሉ በቃለ ጉባኤ እየጻፈች ነው።

ዘንድሮ አጀንዳ 4ን ከአጀንዳ 1 እናስቀድም ብዬ አመለክታለሁ። አመሰግናለሁ።