ሌሊት ‹ቀጭ› የምትለው ድምፅ

እንደምን አመሻችሁ። የማወራችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። አንድ ጊዜ ዝም ልበልና አዳምጡ... ሰማችኋት? ‹ቀጭ› ያለችውን? የዓሦቼን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው መሣሪያ ሂተሩን፣ ማለትም የውሃ ማሞቂያውን፣ ሲያጠፋ ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚህች ድምፅ ነው። ሳልሰማት ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። የእኛን ኅዳር የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ውርጩ ሣሩን አንጥፎ ነጭ ያደርገዋል። ቤት ውስጥ እንኳ ሌሊቱን 14 ዲግሪ ነው የማገኘው። 80 ሊትር የምትይዝ አኳሪየም፣ ዓሦች የማኖርባት የመስታወት ገንዳ፣ አለችኝ፤ ያኔ ኤንጀል ፊሽ፣ ኒዮን ቴትራና ጥቂት ጉፒዎች ነበሩባት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትሩን በፌስታል ውሃ ውስጥ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ያመጣኋቸው ናቸው። የሞቃት አገር ፍጥረት ስለሆኑ 25 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋሉ። ሂተር ልገዛ ስሄድ ሻጩ ‹‹ደብረ ብርሃን ከሆነማ ትልቁን ውሰድ›› አለኝ፤ 300 ዋቱን ወሰድኩ።

አንድ ሌሊት፣ 11 ሰዓት ላይ፣ እማዬ ኪዳን ልታደርስ ተነሥታ በሳሎን ስታልፍ መስታወቱን በእጇ ነካችው። እጇ በብርድ ደርቆ ስለነበር ሙቀቱ ወዲያው ተሰማት። ‹‹አንተ ልጅ፣ ተነሥ! ይኼ ውሃ እንደ ፍል ውሃ ሆኗል እኮ!›› ብላ ቀሰቀሰችኝ። ቴርሞሜትሩን ሳየው 36 ይላል። ሂተሩ ላይ ያለችው ቀይ መብራት አሁንም በርታለች። ሁለት ጉፒዎች ብቻ ነበሩ ከውሃው አናት ላይ አፋቸውን እየከፈቱ አየር የሚፈልጉት። የሞቱትን ሌሎቹን በማጥለያ አወጣኋቸው። እማዬ ነጠላዋን እንደለበሰች አጠገቤ ቆማ ‹‹አይዞህ፣ አንተ ምን አጠፋህ›› አለችኝ። እኔ ግን ምን እንዳጠፋሁ ማወቅ ፈለግሁ።

ሂተሩን ፈታሁት። በብዙዎቹ ሂተሮች ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ስስ ምላስ አለ። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ እኩል ስለማይለጠጡ ምላሱ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥ ከነጥቡ ይላቀቅና ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይገጥማል። ግን በገጠመና በተላቀቀ ቁጥር ትንሽ ብልጭታ አለች። በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለወራት። አንድ ቀን ብልጭታዋ ሁለቱን ነጥቦች እንደ ብየዳ ታጣብቃቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ስንት ቢደርስ የሚያስቆመው የለም። የእኔም የሆነው እንደዚያ ነው። የሚያሞቀውና ‹‹በቃ›› የሚለው ክፍል አንድ ቱቦ ውስጥ ነበሩ፤ ‹‹በቃ›› የሚለው ሲሞት ሌላ ተናጋሪ አልነበረም።

ትልቁ ሂተር ደግሞ ነገሩን አባባሰው። 300 ዋት 80 ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ፣ ወደ ውጭ የሚጠፋውን ሙቀት ካልቆጠርን፣ 19 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። 100 ዋት ቢሆን ወደ 56 ደቂቃ ይወስድበት ነበር። እንቅልፍ ላይ ላለ ሰው ይህ ልዩነት ብዙ ነው።

ሌላም አለ፤ ይኼኛውን ለደጋ ሰው ሁሉ መንገር እፈልጋለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ስለዚህ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ያለ 25 ዲግሪ ውሃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል፤ የእኛ ወደ 6 ነው። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ያችኑም ይለቃታል። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ከሚያጋጥመው ስሕተት የእኛ ይብሳል ማለት ነው። እነዚያ ጉፒዎች ላይ ላዩን ያሉት ለዚህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ኮንትሮለሩን፣ ያችን ‹ቀጭ› የሚለውን መሣሪያ፣ ያስመጣሁት። ነገሩ ቀላል ነው፦ ግድግዳው ላይ ይሰካል፣ ሂተሩ እሱ ላይ ይሰካል፣ በረጅም ሽቦ የተያያዘ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር ውሃው ውስጥ ይገባል። ውሃው 24.5 ሲደርስ ያበራል፣ 25 ሲሞላ ያጠፋል። ትልቁን ሂተር ጥዬ ሁለት ባለ 100 ዋት ገዛሁ። የሂተሮቹን የራሳቸውን ቁጥር 27 ላይ አደረግሁት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ሂተሩንም ኮንትሮለሩንም 25 ላይ ያደርግና ሂተሩ ቀድሞ ራሱን ያጠፋል፣ ኮንትሮለሩ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ከፍ ሲል ግን የዕለት ሥራውን ኮንትሮለሩ ይሠራል፤ ኮንትሮለሩ ውስጥ ያለችው ሪሌይ፣ ኤሌክትሪኩን የምታገናኘውና የምትቆርጠው ክፍል፣ በተራዋ ብትጣበቅ ሂተሩ 27 ላይ ይይዘዋል። ሪሌይም ትጣበቃለችና።

እማዬ ‹‹ለምን ሁሉንም እዚያው አትሰካውም?›› ብላኝ ነበር። የአየር ፓምፑንና ፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) ማለቷ ነው። እነሱ እዚያ ከተሰኩ ሂተሩ በጠፋ ቁጥር አብረው ይጠፋሉ፤ ዓሦቹ በእኛ ከፍታ ያለ ፓምፕ አይሆንላቸውም። ለነሱ ሌላ ሶኬት አለ። ሽቦዎቹን በሙሉ ከሶኬቱ ዝቅ አድርጌ አጎንብሻቸዋለሁ፤ በሽቦው የወረደ ውሃ ታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ሴንሰሩ ትክክል ማንበቡን በምን እናውቃለን? የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቶ 100 ማለቱን ማየት የሚል ምክር አለ። እዚህ አይሠራም! እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የባቄላ ንፍሮ ለምን እንደሚዘገይ የደጋ እናቶች ያውቁታል። ሴንሰሩም ይበላሻል። የተፈጨ በረዶ ትንሽ ውሃ ጨምሮ ማማሰል ነው፤ እሱ ደጋም ቆላም ዜሮ ነው። የእኔ 0.8 አነበበ፣ በዚያው ልክ አስተካከልኩት።

መብራት ሲጠፋ ኮንትሮለርም ሂተርም ዝም ይላሉ። ያኔ ውሃው በሰዓት አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርድብኛል። መፍትሔው የመንዝ ባና ነው። አኳሪየሟን ዙሪያዋን ሸፍነን በክር እናስራታለን፤ የበግ ፀጉር ሙቀት እንዴት እንደሚይዝ ለመንዝ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሸዋሮቢት ያለ ጓደኛዬ ደግሞ ተቃራኒው ነው ጭንቀቱ። ጣርማ በርን አልፎ ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ውስጥ አገሩ ቆላ ይሆናል። ያንኑ ዓይነት መሣሪያ ነው ያለው፤ ግን መሣሪያው ላይ ‹‹ማቀዝቀዣ›› የሚለው ሶኬት ላይ ትንሽ ፋን ሰክቶ የውሃውን አናት ያናፍስበታል።

አሁንም የሚያሳስበኝ ሴንሰሩ ነው። መስታወቱ ላይ አጣብቆ የያዘው ጎማ ሲያረጅ ይደርቅና ይለቃል። ከውሃ ከወጣ የክፍሉን 14 ዲግሪ ያነብባል፣ ‹‹ቀዘቀዘ›› ብሎ ማሞቁን አያቆምም፤ የሚቀረኝ የሂተሮቹ የራሳቸው 27 ብቻ ነው። ስለዚህ በማሰሪያም አስሬዋለሁ። በየወሩ ደግሞ አወጣውና በመዳፌ እጨብጠዋለሁ፤ ቁጥሩ 25ን ሲያልፍ ‹ቀጭ› ማለት አለበት። የማየው የኮንትሮለሩን መብራት አይደለም፤ ሪሌይ ተጣብቃም እሱ ሊጠፋ ይችላል። የማየው የሂተሩን የራሱን ቀይ መብራት ነው። ነገ ቅዳሜ ነው፣ የወሩ ተራ ደርሷል፤ ጎማውንም ያኔ እቀይረዋለሁ። ደኅና እደሩ።