መኪናው ያልገባ ቀን ማን ይከፍላል?

(ምስል፦ ማለዳ፣ ኮምቦልቻ። ሸራው የተፈታለት ተሳቢ መኪና መጋዘን ደጃፍ ቆሟል።)

መኪናው ላይ ያሉት ሁለቱ ከረጢቱን ግራና ቀኝ ይዘው ብድግ ያደርጉታል። ከታች ያለው ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ይሰጣቸዋል። ሲሚንቶው አንገቱን እንዳይበላው ባዶ ማዳበሪያ አንዱን ጥግ ወደ ውስጥ አጥፎ እንደ ቆብ ደፍቶታል። 50 ኪሎ ተሸክሞ ሳንቃውን ይወርዳል፣ መጋዘን ይገባል፣ ይመለሳል። እስከ ማታ እንዲሁ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። «ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ» ተባልን። አንድ ከረጢት ለሦስት የሚያነሡ ሰዎች በምን ብልሃት ይራራቁ? ዕቃው ደግሞ የሚመጣው ከጅቡቲ ነው። ከአገሪቱ ገቢና ወጪ ጭነት ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው ሚሌን፣ ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ ይደርሳል (እስከ 1990 ይኸው መንገድ አሰብ ነበር የሚያወርደው)። ያኔ ከጅቡቲ የመጣ ሹፌር ሲባል ሰው ይሸሽ ነበር። ጫኝና አውራጁ ግን ወዴት ይሽሽ? እንጀራው ያለው እዚያው መኪና ላይ ነው።

(ምስል፦ የተዘጋ የመጋዘን በር።)

በዚያ ሰሞን መንግሥት፣ አሠሪዎችና የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በሥራ ቦታ ፕሮቶኮል ተስማሙ። የአስቸኳይ ጊዜው ደንብም አሠሪዎች ከፕሮቶኮሉ ውጭ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ከለከለ። ብዙ ቤት ያተረፈ ሥራ ነው፤ ሊመሰገን ይገባል።

ጫኝና አውራጁ ግን በአብዛኛው ከዚህ ጥላ ውጭ ቀረ። ለምን? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ፣ አዋጅ 1156/2011፣ የሚጠብቀው በአሠሪ የተቀጠረን ሰው ነው። በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ ዋጋ የሚቀበለውን አይመለከትም። የጫኝና አውራጅ ማኅበር ገብቶ በኩንታል የሚከፈለው ወጣት በወረቀት ሲታይ የራሱ ጌታ ነው። ቀጣሪ ስለሌለው የሚያሰናብተውም የለም። መኪናው ካልገባ ሥራ የለም፣ በቃ። ስሙ ማኅበር ሆኖ ሳለ የሠራተኛ ማኅበር አይደለም ማለት ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ይኼ ነው።

የወደብ ሠራተኞች ይህን ችግር ድሮም ያውቁታል። ለንደን ውስጥ በር ላይ ተኮልኩለው፣ አለቃው በጣቱ የጠቆመው ብቻ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 አምስት ሳምንት ያህል ሥራ አቁመው በሰዓት 6 ፔኒ አስወሰኑ፤ የተጠራ ሰው ቢያንስ የ4 ሰዓት ክፍያ እንዲያገኝም አደረጉ። እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1989 በዘለቀው የብሪታንያ ሥርዓት ደግሞ የተመዘገበ ሠራተኛ ተገኝቶ ሥራ ቢጠፋ እንኳ ይከፈለው ነበር። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከአሠሪዎች መዋጮ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እናስብ። እኛ ወሎዎች ቅሬን እናውቃለን። ሰው ሲሞት ቅሬው ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል። «እንዲሁ ለክፉ ቀን እናዋጣ» የሚሉ ጫኝና አውራጆች አሉ፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ቅሬ የሚሠራው ሐዘን ተራ በተራ ስለሚመጣ ነው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን እጁ ባዶ ቀረ። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ተመልሰው ሳይረጋጉ፣ ታኅሣሥ 23 ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) ተሰረዘች፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ተጎዱ፣ የሚጫነውም አብሮ ቀነሰ። የሁሉም ኪስ አብሮ ሲደርቅ ከራስ ኪስ የተዋጣው ሣጥን ምን ያህል ይቆያል? ስለዚህ ከየኩንታሉ ጥቂት ሳንቲም ባለጭነቱ ሊያዋጣ ይገባል፤ ይህ ደግሞ የሚገኘው በኅብረት ድርድር፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪ ጋር በሚያደርገው ድርድር ነው።

10 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ከ10 በታች ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞችም ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይፈቀድላቸዋል። አንድ መጋዘን ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሚያሠራችሁ፣ ሰዓታችሁንና ሥራችሁን የሚያዝ ከሆነ፣ «ቅጥር አይደለም» ስለተባለ ብቻ ጉዳዩ አይዘጋም። የሥራ ውል መኖሩ በማናቸውም ማስረጃ ሊረዳ ይችላል።

(ምስል፦ ዳሩ በላብ የራሰ ደብተር።)

የተራ መዝገባችሁን በደንብ ያዙ። ቀኑን፣ የመኪናውን ታርጋ፣ ያዘዛችሁን ሰው፣ የተከፈላችሁን ብር ጻፉ። መኪና ያልገባበትንም ቀን ጻፉት።