ሁለተኛው ደንበኛ ሲመጣ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እዚህ ባህር ዳር ሶፍትዌር ሠርታችሁ የምትሸጡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ለአንድ ደንበኛ የሚሆን ሶፍትዌር መሥራት ብዙዎቻችን እንችልበታለን። ፈተናው ሁለተኛው ሲመጣ ነው። ለአንድ የባህር ዳር ፋርማሲ የሽያጭና የንብረት መቆጣጠሪያ ሠራችሁ እንበል። ፍኖተ ሰላም ያለ ፋርማሲ ሰምቶ ፈለገው። እሱ ግን በዱቤም ይሸጣል። ቀጥሎ ከዳንግላ የእርሻ ግብዓት የሚሸጥ መደብር መጣ። ዕቃው በኩንታል ነው የሚሸጠው፤ ሠራተኞቹ ደግሞ ከአማርኛው ጎን አገውኛም ይፈልጋሉ።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ፎልደሩን ኮፒ ያደርግና ስሙን ቀይሮ መነካካት ይጀምራል። ደንበኛው ቸኩሏል፣ ብሩም ያስፈልጋል፤ ይገባኛል። ግን ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆንበት ዓመት ይመጣል። ፕሮግራሙ 5 ብቻ ነው የሚያውቀው። ያቺን አንዲት ስህተት ሦስት ቦታ ልታርሙ ነው። ሦስቱ ኮፒዎች ደግሞ በየፊናቸው ተለዋውጠው አይመሳሰሉም። አሥር ደንበኛ ሲሆንስ? አዲስ ነገር የምትሠሩበት ጊዜ በጥገና ያልቃል። ጎበዝ ልጆች በዚህ ተሰላችተው ሙያውን ሲተዉ አይቻለሁ። ያንገበግበኛል።

ለዚህ ችግር መላ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥቀስ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዴቪድ ፓርናስ በ1972 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፕሮግራም ወደ ሞጁሎች፣ ማለትም ራሳቸውን ወደቻሉ የኮድ ክፍሎች፣ ሲከፈል በሥራው ቅደም ተከተል መሆን የለበትም አለ። ሊለወጥ የሚችለውን እያንዳንዱን ውሳኔ ለይታችሁ አንድ ሞጁል ውስጥ ደብቁት፤ ሌላው ኮድ አይወቀው። በ1976 ደግሞ ስለ ፕሮግራም ቤተሰቦች፣ ማለትም ብዙ የጋራ ነገር ስላላቸው ፕሮግራሞች፣ ጻፈ፦ መጀመሪያ የጋራውን አጥኑ፣ ልዩነቱን ቀጥላችሁ።

ወደ እኛ ላምጣው። የቀን አቆጣጠር አንድ ሞጁል ይሁን። ዳታቤዙ ቀኑን በአንድ መልክ ይያዝ፤ በኢትዮጵያ ይታይ ወይስ በፈረንጅ የሚለውን ያ ሞጁል ይወስን። የሰዓት አቆጣጠራችን የ6 ሰዓት ልዩነትም እዚያው ይግባ። ስምም እንዲሁ ነው። ከውጭ የመጡ ፎርሞች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ የእኛ ሰው ግን የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነው የሚሰጠው። ቋንቋም፣ መለኪያም፣ ዱቤም የየራሳቸው ቦታ ይኑራቸው።

ከዚያ ልዩነቱን ወረቀት ላይ ሳሉት። በ1990 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምህንድስና ተቋም፣ ኪዮ ካንግና ባልደረቦቹ የፊቸር ሞዴል የሚባል፣ የሶፍትዌሩን ፊቸሮች ማለትም የሚሰጣቸውን አገልግሎቶች በቅርንጫፍ የሚያሳይ የዛፍ ሥዕል አስተዋወቁ። የትኛው ፊቸር ግዴታ ነው? የትኛው በምርጫ ነው? የትኞቹ አብረው አይሄዱም? የቱ ያለ የቱ አይሠራም? ለምሳሌ ዱቤ ካለ የደንበኛ መዝገብ የግድ ነው። ይህች መስመር ካልተጻፈች የምትኖረው ኮዱን በጻፈው ልጅ ጭንቅላት ብቻ ነው። ልጁ አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ አብራው ትሄዳለች።

ደንበኛ በጠየቀ ቁጥር ኮዱ ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ማለትም አንድን ፊቸር የሚከፍትና የሚዘጋ ምርጫ፣ መጨመርም አደጋ አለው። አንዱ ከሌላው ጋር ያልተያያዘ 33 ማብሪያ ብቻ ከ8 ቢሊዮን በላይ ጥምረት ይፈጥራል። ያን ሁሉ ማን ይፈትሻል? ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት የደረሰበትን ስሙ። ኦገስት 1 ቀን 2012 ነው። አዲስ ኮድ 8 ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ አንዱ ተዘለለ። አዲሱ ኮድ የሚጠቀመው ድሮ ለሌላ ሥራ ይውል የነበረ ማብሪያ ነበር። ማብሪያው ሲበራ፣ በተዘለለው ሰርቨር ላይ ለዓመታት ተኝቶ የነበረው አሮጌ ኮድ ነቃና የአክሲዮን ግዢና ሽያጭ ትእዛዝ ያዥጎደጉድ ጀመር። በ45 ደቂቃ አካባቢ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ።

ስለዚህ የማትጠቀሙበትን ፊቸር ከነማብሪያው ሰርዙት። አሮጌ ማብሪያ ለአዲስ ሥራ አታውሉ። አንድ ደንበኛ ብቻ የሚፈልገው ነገር ሌሎቹን የሚከብድ ከሆነ «አይሆንም» በሉ፤ ወይም ለብቻው አስከፍላችሁ ከዋናው ኮድ ውጭ ሥሩት።

ከሻይ በኋላ የሁለቱን ፋርማሲዎችና የመደብሩን ዛፍ እዚሁ ሰሌዳ ላይ አብረን እንስላለን። የራሳችሁ ምርት ያላችሁ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ከፊት ተቀመጡ፤ በእናንተ እንጀምራለን። አመሰግናለሁ።