ምርቃታቸውን ማን ይቀበል?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ አረጋውያንና ራስን ስለማጥፋት ነው። ልባችሁ የከበደ ከሆነ ዛሬ ይቅርባችሁ፤ ካናዳ ያላችሁ ደግሞ 988 ብትደውሉ ሌት ተቀን የሚያዋራችሁ ሰው አለ።

ዊኒፔግ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ከሰሜን ማኒቶባ ለኩላሊት እጥበት የመጡ አንዲት የክሪ እናት አሉ፤ ክሪ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው። መንደራቸው እጥበት ስለሌለ እዚሁ ቀሩ። አንድ ሌሊት «ከእንግዲህ ለማን ብዬ?» አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ብዬ በግልጽ ጠየቅኳቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «አንዳንዴ» አሉ። ለነርሷ ወዲያው ነገርኩ፤ እስኪነጋም ከአጠገባቸው አልራቅኩም።

እኚህ ሴት በልጅነታቸው ከእናታቸው ተነጥቀው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተዋል። መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦችን ልጆች እንዲህ ወስደዋል። በቋንቋው የተናገረ ይቀጣ ነበር። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር እ.ኤ.አ. በ2008 ፓርላማ ውስጥ ይቅርታ ጠየቁ። ግን እኚህ እናት ቅጣቱን ፈርተው ለልጆቻቸው የክሪን ቋንቋ አላስተማሩም ነበር። የልጅ ልጆቻቸው የሚያውቁት እንግሊዝኛ ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመርቅ «አሜን» የሚል አይጠፋም። አሜን ባይ የሌለው መራቂ ምን ይሰማው ይሆን? ከዚያ ሌሊት ወዲህ ይህ ጥያቄ አልተወኝም።

በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ራስን ማጥፋት የሚበረታው በወጣቶች ላይ ነው፤ በአረጋውያን ላይ ይቀንሳል። በአሜሪካ ነጭ ወንዶች ዘንድ ግን እርጅና ላይ ይብሳል። ይህን ሳነብ ገረመኝ። እኔ እንደሚመስለኝ አያት በቤቱ የሚጠየቅ፣ ሥርዓቱን የሚመራ ሰው መሆኑ ይጠብቀዋል። ታዲያ ያን ሰው ለሕክምና ብለን ከዘመዱ ነጥለን ከተማ ስናስቀምጠው ጥላውን ነው የምንገፈው። በዚያ ላይ የልጅ ልጁን የቀበረ አለ። «እኔ እያለሁ» የሚል ጸጸት ሌሊት አያስተኛም።

አሁን እሑድ እሑድ አንድ የልጅ ልጃቸው ይደውላል። እሱ «ኮኩም» ይላቸዋል፣ አያቴ እንደማለት። ነርሷ ናት ቤተሰቡን ያነጋገረችው። ክሪ እየተማረ ነው፤ ቃል ሲሳሳት የሚያርሙበት ድምፃቸው ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።