ጄኔሬተሩ አላነሰም ነበር፦ ባሕር ዳር ላይ ለፓምፕ ቤት ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን አደራችሁ፣ የውኃና የመስኖ ባልደረቦቼ። ከጎርጎራም ከፎገራም የመጣችሁ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ያላችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ንግግሬን ጽፌ ነው ያመጣሁት። ወሬ ስለምወድ ካልጻፍኩ ምሳ ሰዓት ያልፋል።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ፓምፕ ቤት ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። አንድ ባለ 55 ኪሎዋት ፓምፕ፣ ሁለት ባለ 15፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ ባለ 150 ኬቪኤ (ኬቪኤ የጄኔሬተር አቅም መለኪያ ነው) ጄኔሬተር ነበረን። አንድ ማታ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩን አስነሣሁ። ሁለቱ ትናንሽ ፓምፖች ያለ ችግር ተነሡ። ከዚያ የትልቁን አረንጓዴ ቁልፍ ተጫንኩ። ጄኔሬተሩ አቃሰተ። አምፖሉ ቀላ። ኮንታክተሩ፣ ማለትም የሞተሩን መስመር በኮይል ማግኔት የሚያገናኘውና የሚለየው ማብሪያ፣ ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርስ ተንቀጫቀጨ። ከዚያ ሁሉም ጭልም።

ደህና ሰው ይሄኔ ቆም ብሎ ያስባል። እኔ ደግሜ ተጫንኩ። እንደገናም ደገምኩ። በአምስተኛው ላይ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተኝ። ሞተሩ ለጥምጥም ተላከ። እኛም ቁጭ ብለን «ጄኔሬተሩ አነሰን፣ ባለ 500 ይገዛልን» የሚል ደብዳቤ ጻፍን።

ሒሳቡን አብረን እንየው። ባለ 55 ኪሎዋት ሞተር በ400 ቮልት ሲሠራ ወደ 100 አምፔር ይወስዳል። በቀጥታ ሲነሣ ግን ከ600 እስከ 700 አምፔር ይጠይቃል። ሮተሩ፣ ማለትም የሚሽከረከረው ክፍል፣ ቆሞ ሳለ ሞተሩ ገና ሞተር አይደለም፤ ሁለተኛው ጥምጥሙ ሾርት የሆነ ትራንስፎርመር ነው። ረሃቡ የሚታገሥለት ሮተሩ ፍጥነት ሲይዝ ነው። 600 አምፔር ማለት ከ400 ኬቪኤ በላይ ነው። የኛ ጄኔሬተር ሙሉ አቅሙ 216 አምፔር ገደማ ነበር።

«ታዲያ በመብራት ኃይል መስመር ሲሆን ለምን ይነሣል?» ትሉኝ ይሆናል። እዚያ ከጀርባው እነ ጣና በለስ አሉ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ጣቢያ ብቻውን 460 ሜጋዋት ነው። የኛ 55 ኪሎዋት ለእሱ ምኑም አይደለም። ጄኔሬተር ግን ብቸኛ ነው፤ የሚደግፈው የለም። ስለዚህ ቮልቱ ይወርዳል። የሞተር ጉልበት ደግሞ በቮልቱ ካሬ ልክ ነው የሚቀንሰው። ቮልቱ ወደ 70 በመቶ ቢወርድ ጉልበቱ ግማሽ ይሆናል። ጉልበት ያጣ ሞተር ፍጥነት አይዝም፤ ፍጥነት ካልያዘ አምፔሩ አይቀንስም። የኮንታክተሩ ኮይልም የሚበላው ከዚያው ከወረደው ቮልት ነው። ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። ያ የጥርስ መንቀጫቀጭ ይሄ ነው።

ማታ ብቻችሁን ስትሆኑ የምትጠቅም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቮልት ብቻ ከወደቀ ችግሩ ያለው አልተርኔተሩ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አመንጪው ክፍል፣ ዘንድ ነው። ሄርዙም (የሞገዱ ድግግሞሽ) አብሮ ከወረደ፣ የጄኔሬተሩ ድምፅም ከከበደ፣ ናፍጣ ሞተሩን ጠርጥሩ። እኛ ያለነው ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ በግምት 1 በመቶ ጉልበት ያጣል። የስም ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለቆላ የተጻፈ ነው። ግዢ ላይ ይህን የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ አላየሁም።

ወደ ደብዳቤያችን ልመለስ። አንድ አንጋፋ ፎርማን መጡና አነበቡት። ሳቁ። «ሦስቱም ሲሠሩ ስንት ኪሎዋት ነው?» አሉኝ። ደመርኩ፤ 85። «ባለ 500 ቢመጣላችሁ ሩቡን እንኳ አትጭኑበትም። ያልተቃጠለ ናፍጣ እየተፋ በጥላሸት ይታፈናል» አሉ። እውነት ነው፤ ከ30 በመቶ በታች እየጫኑ ሰዓታት ማሠራት ናፍጣ ሞተርን ይጎዳል። ቀጠሉና «ትልቁን ስታስነሣ የመውጫው ቫልቭ ክፍት ነበር?» አሉኝ። ክፍት ነበር። ምን ልበል?

ያደረግነው ይሄ ነው። መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። ጄኔሬተሩ ባዶ እያለ ትልቁ ይነሣል፤ ቮልቱ ሲረጋ ትናንሾቹ አንድ በአንድ ይከተላሉ። ሁሉን ፓምፕ «አውቶ» ላይ ትታችሁ የምትሄዱ ደግሞ አላችሁ፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ጄኔሬተሩ ሲገባ ሁሉም እኩል ይጮሁበታል። ርካሽ የታይመር ሪሌ ለያንዳንዱ ተራ ይሰጠዋል።

ከዚያ ስታር ዴልታ ገባለት፤ ጥምጥሞቹን መጀመሪያ በስታር አገናኝቶ በዝቅተኛ ቮልት ያስነሣና ፍጥነት ሲይዝ በታይመር ወደ ዴልታ፣ ወደ ሙሉ ቮልት፣ የሚያዞር ማስነሻ ነው። በስታር ሲነሣ ከመስመሩ የሚወስደው አምፔር ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ 200 እና ከዚያ ትንሽ በላይ። ጉልበቱም ሲሶ ይሆናል። ቫልቩ የሚዘጋው ለዚህ ነው። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ መውጫው ሲዘጋ ጭነቱ ይቀላል፣ በዚያች ሲሶ ጉልበትም ፍጥነት ይይዛል። ፍጥነት ከያዘ በኋላ ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ዘግታችሁ ሻይ ልትጠጡ እንዳትሄዱ፤ ውስጡ ያለው ውኃ ይፈላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ታይመሩ ላይ ነው። ሞተሩ ፍጥነት ሳይይዝ ወደ ዴልታ ከዞረ፣ አምፔሩ በቀጥታ እንደተነሣ ያህል ይዘላል። ሰው «ስታር ዴልታ አይረባም» ሲል ስሰማ መጀመሪያ ታይመሩን ነው የማየው። ሶፍት ስታርተር፣ ማለትም ቮልቱን ቀስ በቀስ የሚያሳድግ ማስነሻ፣ ለስለስ ያደርገዋል። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ድራይቭ ከሁሉም ይሻላል፤ ግን የሞገዱን ቅርጽ ስለሚያበላሽ አንዳንድ የጄኔሬተር የቮልት መቆጣጠሪያ ካርድ ግራ ይጋባል። ድራይቭ ስትገዙ ለጄኔሬተር መሆኑን ለሻጩ ንገሩት።

ካልተነሣ ደግሞ ደጋግማችሁ አትጫኑ። እያንዳንዱ ሙከራ ጥምጥሙንና ሮተሩን ያግላል። እኔ አምስት ጊዜ ከፍዬበታለሁ።

ያ 150 ኬቪኤ ከዚያ በኋላ ትልቁን ፓምፕ አስነሣ። አምፖሉ አሁንም ትንሽ ቀላ ይል ነበር፤ ኮንታክተሩ ግን ጸጥ አለ። ደብዳቤውን ቀደድነው።

አሁን ሻይ እንጠጣ። ከዚያ ጓሮ ያለውን ጄኔሬተር አስነሥተን፣ አንዱን ሞተር በቀጥታም በስታር ዴልታም እንሞክረዋለን። ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካው) ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የመነሻ አምፔር የሚይዝ ቁልፍ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ተራው ሜትር ቁጥሩን ሳያሳያችሁ ያልፋል።